የሚኬስ ልጅ ቁጭ አይልም

ሰዎች ስለ ልጁ ሲጠይቁት የሚኬስ ካራፊላስ መልስ ሁሌም አንድ ነበር፦ «ምን ላድርገው? ማዕበል ላይ እንደተወለደ ሰው፣ መሬት ሲረግጥ ነው የሚያዞረው።»

ልጁ ስኬቮስ ግን የተወለደው መሬት ላይ ነው። እዚሁ ታርፖን ስፕሪንግስ፣ የስፖንጅ ጀልባዎቹ ከሚታሰሩበት ወንዝ ትንሽ ከፍ ብሎ ባለው የእንጨት ቤት ውስጥ። ሆኖም እናቱ ሴቫስቲ ከግሪኮቹ ደሴት ከካሊምኖስ ተነሥታ ፍሎሪዳ እስክትደርስ በሆዷ ይዛው ስለመጣች፣ የባሏን ነገር ውሸት ነው ለማለት ደፍራ አታውቅም።

በጥምቀት ዕለት ጳጳሱ መስቀሉን ወደ ውሃው ሲወረውሩ ጎረምሶች ዘለው ይሻሙታል። ስኬቮስ ዕድሜው ደርሶ ከእኩዮቹ ጋር በተሰለፈበት ዓመት፣ ጳጳሱ ጸሎታቸውን ሳይጨርሱ፣ መስቀሉም ገና እጃቸው ላይ ሳለ፣ ጡብ ብሎ ገባ። ውሃው ውስጥ ሲንደፋደፍ ከላይ የሚመጣ መስቀል የለም። ቀና ቢል ከተማው ሁሉ ሆዱን ይዞ ይስቃል። ጳጳሱ እንኳ ጢማቸውን የሚያስተካክሉ መስለው አፋቸውን ሸፈኑ። ከዚያ ወዲያ የቸኮለ ሰው ሁሉ በእኛ ሰፈር «ስኬቮስ ሆንክ እንዴ?» ይባል ጀመር።

አባቱ ጠላቂ ነበር። የናስ ቆብና የጎማ ልብስ ለብሶ፣ በወገቡ ገመድ ታስሮ፣ አየር በቱቦ እየተላከለት የባሕሩ ወለል ላይ እየተራመደ እዚያው የሚበቅለውን የገላ መታጠቢያ ስፖንጅ ይለቅማል። አንድ ጊዜ ከጥልቁ ፈጥነው ስላወጡት ደሙ ውስጥ አየር ገብቶ የግራ እግሩ ተሳስሯል። መሬት ላይ ያነክሳል፤ ውሃ ውስጥ ግን አያነክስም። የስኬቮስ ሥራ ጀልባው ላይ ቆሞ የአባቱን ገመድ መያዝ ነበር። አንድ ጊዜ ከተሳበ «ደህና ነኝ»፣ ደጋግሞ ከተሳበ «አውጡኝ» ማለት ነው። ይኸው ነው ሥራው። ገመድ ይዞ መጠበቅ። ስኬቮስን የሚገድለውም ይኸው መጠበቅ ነው። አባቱ እታች ሆኖ ዝም ባለ ቁጥር ላብ ያጠምቀዋል፤ ከአንዱ እግሩ ወደ ሌላው ይቀያይራል፤ ገመዱን ሳያስበው ይነካካዋል። ሚኬስ ከውሃ ወጥቶ ቆቡ እንደተፈታለት የመጀመሪያ ቃሉ ስድብ ነበር።

«አንተ! እኔ እታች ስፖንጅ ልልቀም ወይስ ያንተን ገመድ ልተርጉም?»

«ሞተህ ይሆናል ብዬ ነው፣ አባባ።»

«ስሞት እነግርሃለሁ!»

አውሮፕላን በላያቸው ሲያልፍ ግን ስኬቮስ አንገቱ እስኪቆለመም ያይ ነበር። አየር ላይ ያለ ነገር አይቆምም፤ ከቆመ ይወድቃል። ይህ ነገር ልቡን ወሰደው። አሜሪካ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ውስጥ በገባች በወሩ ለማንም ሳይናገር ታምፓ ሄዶ ለጦር ሠራዊቱ አየር ኃይል ተመዘገበ። ለእናቱ የነገራት ልብሱን ሲያጥፍ ደርሳበት ነው። ሴቫስቲ አላለቀሰችም። የታጠፈውን ሸሚዝ ነጥቃ እንደገና አጠፈችው፤ እሱ ያጠፈው አላማራትም።

መትረየስ ተኳሽነት ሠልጥኖ ለዕረፍት የመጣው በበጋ ነው። ልብሱ ተተኩሶ፣ ጫማው ፊት እያሳየ፣ ከአውቶብስ ማቆሚያው እስከ ቤት በሩጫ መጣ። ሲገባ አባቱን በቀትር ከጓዳ ወንበር ላይ ተቀምጦ አገኘው። ሚኬስ በሥራ ወቅት፣ በቀትር፣ ወንበር ላይ! ስኬቮስ የሞተ ሰው ያለ መሰለው።

«ምን ሆንክ? ጀልባው የታል?»

«ጀልባው ወጥቷል። እኔ ነኝ የቀረሁት። ጣልያን ነህ ተባልኩ።»

«ምን?»

«ጣልያን! የጠላት አገር ዜጋ! ባሕር ላይ እንዳልወጣ፣ ሬዲዮ እንዳልሰማ።» መደርደሪያው ላይ፣ ሬዲዮው የነበረበት ቦታ፣ አቧራ ያልነካው አራት ማዕዘን ቀርቶ ነበር። «ሬዲዮዬን ወሰዱ፣ ልጄን ወሰዱ። ለሬዲዮው እንኳ ደረሰኝ ሰጥተውኛል።»

ስኬቮስ ምሳ ሳይቀምስ ወጣ። ሴቫስቲ የዓሣውን ሾርባ እንደያዘች በር ላይ ቀረች።

የጠላት አገር ዜጎችን በሚመዘግበው ቢሮ ውስጥ መነጽራቸው አፍንጫቸው ጫፍ ላይ የተንጠለጠለ ሽማግሌ ነበሩ። የስኬቮስን የደንብ ልብስ አይተው ከመቀመጫቸው ከፍ አሉ።

«አባትህ የት ነው የተወለዱት?»

«ካሊምኖስ።»

«ካሊምኖስ የማን ናት?»

«የካሊምኖስ ሰዎች።»

«ወረቀቱ ላይ የጣልያን ናት፣ ልጄ።»

«አባቴ'ኮ ጣልያን ደሴቱን ስለያዘበት ነው አገሩን ጥሎ የወጣው! እኔን እዩኝ እስቲ። በዚህ ልብስ ጣልያንን ልወጋ ነው። ቤት ያለው አባቴ ጠላት ከሆነ እኔ ማነኝ?»

ሽማግሌው መነጽራቸውን አወለቁ። «እኔስ ይገባኛል» አሉት። «ወረቀቱ ነው የማይገባው።»

ስኬቮስ ጠረጴዛውን በቡጢ መታ፤ ከዚያም ይቅርታ ጠየቀ፤ ከዚያም እንደገና መታው። የቀረችውን ዕረፍት በወንዙ ዳር ሲመላለስ ጨረሳት። አባቱ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ያየዋል። በመጨረሻው ቀን ሚኬስ እንዲህ አለው፦ «ስማ። አንተ ሰማይ፣ እኔ ወንበር ላይ። ገመድህን ማን ይይዝልሃል?» ስኬቮስ ሻንጣውን አነሣ። አውቶብሱን ለመያዝ ሮጠ፤ አውቶብሱ ገና አልመጣም ነበር።

በመከር ክልከላው ተነሣ፤ ሚኬስም ወደ ጀልባው ተመለሰ። ነገር ግን ሬዲዮው ሲመለስለት ከመደርደሪያው ላይ አላስቀመጠውም። አልጋ ሥር ከተተው፤ ዜና መስማት የፈለገ ጎረቤት ቤት ይሂድ አለ።

ስኬቮስ ብዙ ካንከራተቱት በኋላ የተመደበው ጣልያን አገር ነው። ያን ጊዜ የደቡቡ ክፍል በእኛዎቹ እጅ ገብቶ ነበር። ከወይራ ዛፎች መሐል ጭቃ፣ ጭቃው ላይ ድንኳን፣ ከድንኳኑ ወዲያ ከባድ ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች። ስኬቮስ መብረሩን አይፈራም ነበር። የሚያሰቃየው ዝናቡ ነው። አየሩ ሲከፋ ቀኑን ሙሉ «ጠብቁ» ይባላሉ፤ ጠብቀው ጠብቀው «ተሰርዟል» ይባላሉ። ያን ጊዜ ስኬቮስ ድንኳኑን እየዞረ ጭቃው ላይ መንገድ ያወጣል።

ከሱ ጋር ጎን ለጎን በአውሮፕላኑ ወገብ ላይ የሚተኩሰው ሃርላን የሚባል የነብራስካ ስንዴ ገበሬ ነበር፤ ግዙፍ፣ ዝግተኛ፣ ባሕር አይቶ የማያውቅ። ጭራው ላይ የሚቀመጠው ደግሞ ሩቤን፣ የኒው ሜክሲኮ ልጅ። ሩቤን ከወይራ እንጨት ትንንሽ በጎች ይቀርጻል፤ ሲቀርጽ አይናገርም።

«ስኪ» ይለዋል ሃርላን፤ ስሙን መጥራት ስላቃተው፤ «አንተን ክንፉ ላይ ብናስርህ'ኮ አራት ሞተር ለምን ያስፈልገን ነበር?»

«አንተን ደግሞ መልሕቅ እናደርግሃለን።»

«ሩቤን፣ ይኼን ሰው ስማው!»

«ተዉኝ» ይላል ሩቤን፤ «ጆሮ እየሠራሁ ነው።» የበጓን ጆሮ ማለቱ ነው።

ቀኑ መጣ። ኦስትሪያ ውስጥ ያለ የባቡር ጣቢያ ደብድበው ሲመለሱ ከምድር የተተኮሰ ጥይት ከአራቱ ሞተሮች ሁለቱን አጠፋባቸው። ተራራውን እንደምንም ተሻገሩ። ባሕሩ ላይ ሲደርሱ ሦስተኛው ሞተር ማሳል ጀመረ። የቻሉትን ሁሉ ወረወሩ፤ ጥይቱን፣ መትረየሱን፣ ሣጥኑን። አብራሪው «ውሃ ላይ ልናርፍ ነው፣ ያዙ!» ብሎ ጮኸ። ያ ዓይነት አውሮፕላን ውሃ ላይ ለማረፍ የተሠራ አይደለም። ማዕበሉን እንደነካ ከመሐሉ ለሁለት ተሰበረ።

ስኬቮስ በመስኮቱ ወጣ። እንዴት እንደወጣ አያውቅም። የፊተኛው ክፍል ወዲያው ሰጥሞ አብራሪውንና ረዳቱን ይዟቸው ሄዷል። የጎማው ጀልባ ተነፍቶ፣ አራት ሰዎች ጠርዙን ይዘዋል። የኋለኛው ክፍል ቀስ በቀስ የተሰበረ ጫፉን ወደ ታች እያዘነበለ ነው። ሃርላን የለም። ሩቤንም የለም።

ስኬቮስ የመንሳፈፊያ ሰደርያውን አወለቀ። ያ የቸኮለው ሰው፣ ከጳጳሱ ቀድሞ የዘለለው ሰው፣ የአውሮፕላኑን ጠርዝ ይዞ ቆመ። አባቱ ስንት ጊዜ ነግሮታል፦ ያለ ቆብ የሚወርድ ሰው መጀመሪያ ይቁም፤ ሦስት ጊዜ በደንብ ይተንፍስ፤ ልቡ ካልተረጋጋ አየሩን ልቡ ይበላበታል። ከጎማው ጀልባ ላይ አንዱ «ምን ይጠብቃል ይሄ ሰው?» ብሎ ጮኸ። ስኬቮስ ሰምቶታል። አንድ ተነፈሰ። ሁለት። ሦስት። ከዚያ ወረደ።

ሃርላንን በእጁ ዳስሶ አገኘው። እግሩ በተጣመመ ብረት ተይዟል፤ አፉን ገጥሞ፣ ዓይኑን አፍጥጦ፣ ሁለት እጁን ያወናጭፋል። ስኬቮስ በትከሻው ብረቱን ገፋ፤ አልሆነም። የሃርላንን ቦት ጫማ ማሰሪያ በጩቤ ቆረጠው፤ እግሩ ከጫማው ሾልኮ ወጣ። እየጎተተ አወጣው፤ ለነዚያ ለአራቱ ገፍቶላቸው ትንፋሹን ሳይሰበስብ ዞረ። ዞሮ ያየው ውሃ ብቻ ነበር። አውሮፕላኑ የለም። ሩቤንን ይዞ ሄዷል። ስኬቮስ ዘሎ ጠለቀ፤ ጆሮው እስኪፈነዳ ወረደ፤ የያዘው ግን ውሃ ነው። እየወጣ፣ ደግሞ እየወረደ፣ በመጨረሻ በጉልበት ጎትተው ነው ጀልባው ላይ የጣሉት። ወደ ምሽት የእንግሊዞች የጥበቃ መርከብ አነሣቸው።

ሜዳልያ ሰጡት። እናቱ ከቅዱስ ኒኮላዎስ ሥዕል ሥር ሰቀለችው። ጦርነቱ አልቆ ሲመለስ እኛ ሁላችን ጀግና እንለዋለን፤ እሱ ግን ጀግና ባሉት ቁጥር ተነሥቶ ይወጣል። ጀልባ ላይ ሊሠራ ሞከረ፤ ገመድ መያዝ አልቻለም። ብዙም ሳይቆይ በባሕሩ ውስጥ በሽታ ገብቶ ስፖንጁን ፈጀው፤ ግማሹ ጀልባ እንደታሰረ በሰበሰ። ስኬቮስ አሮጌ የጭነት መኪና ገዛና ከየመጋዘኑ የተረፈውን ስፖንጅ እየጫነ በየአገሩ ይሸጥ ጀመር። ፎቲኒ የምትባል የዳቦ ጋጋሪ ልጅ አገባ። ፎቲኒ ለጎረቤቶቿ «ባሌ በደንብ ይንከባከበኛል፤ በየሁለት ሳምንቱ እያለፈ ሰላም ይለኛል» ትል ነበር።

አሜሪካን ከዳር እስከ ዳር አዳረሳት። ቺካጎን፣ ዴንቨርን፣ ካሊፎርኒያን። ነብራስካ ሃርላን ዘንድ በዓመት አንዴ ያድራል። ወደ ኒው ሜክሲኮ ግን አይታጠፍም። መንገዱ በዚያ የሚያሳጥርለት ከሆነ እንኳ ይዞራል።

ይህን ያወጣው ሃርላን ነው። አንድ ዓመት ሚስቱን ይዞ ባሕር ሊያሳያት መጣ። ሴቫስቲ በወይን ቅጠል የተጠቀለለ ሩዝና ጥብስ ዓሣ ስታቀርብ፣ ሃርላን ጠግቦ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋና ለሚኬስ ያችን ቀን ተረከለት። ሚኬስ ከልጁ አፍ አንድም ቃል ሰምቶ አያውቅም ነበር። ሃርላን ጨርሶ ወደ ስኬቮስ ዞረ።

«የሩቤን እናት ዘንድ ሄደህ ታውቃለህ፣ ስኪ? እኔ ሄጃለሁ። ስላንተ ጠይቀውኛል።»

ስኬቮስ ተነሥቶ ወጣ። መኪናው ሲነሣ ሰሙት።

በማግስቱ ጠዋት ስኬቮስ ተመልሶ ስፖንጅ ሲጭን ሚኬስ እያነከሰ መጣ። ንጹሕ ሸሚዝ ለብሷል፤ ባርኔጣ አድርጓል። ምንም ሳይናገር የመኪናውን በር ከፍቶ፣ የማይታጠፈውን እግሩን በሁለት እጁ አንሥቶ አስገባና ተቀመጠ።

«ወዴት ነው፣ አባባ?»

«የልጁ እናት ዘንድ።»

«አልሄድም።»

«እንግዲያው እዚሁ እቀመጣለሁ። መቀመጥ እችላለሁ እኔ፤ መንግሥት አስተምሮኛል።»

ሁለት ቀን ሙሉ ነዱ። ሁለተኛው ቀን ላይ፣ ቴክሳስ ሜዳ ላይ፣ ስኬቮስ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሣ ተናገረ። «ቆምኩ፣ አባባ። እንዳስተማርከኝ ቆሜ ተነፈስኩ። ያኔውኑ ብገባ ኖሮ ሁለቱንም አወጣ ነበር።»

ሚኬስ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አኖረ። «ያኔውኑ ብትገባ ሃርላን እግሩ እንደተያዘ ይቀር ነበር፤ አንተም አጠገቡ። በአንድ ሟች ፋንታ ሦስት ይሆን ነበር።»

«አባቴ ስለሆንክ ነው እንዲህ የምትለው።»

«አባትህ ስለሆንኩ አይደለም። ጠላቂ ስለሆንኩ ነው።»

ስኬቮስ አላመነውም። መኪናውን ግን አላዞረም።

የሩቤን እናት ዶኛ ኡላሊያ ይባላሉ፤ በቋንቋቸው ወይዘሮ ኡላሊያ ማለት ነው፤ ትንሽ፣ ደረቅ፣ ጥቁር ሻሽ ያሰሩ ሴት። ቤታቸው ተራራ ሥር ያለ የጭቃ ቤት ነው። መስኮታቸው ላይ ከወይራ እንጨት የተቀረጸች አንዲት በግ ቆማለች፤ ሃርላን ነው ያመጣላቸው። ስኬቮስ በጓን ሲያይ ባርኔጣውን አወለቀ። ሚኬስ በልጅነቱ ደሴቱ ላይ የለቀማትን ጣልያንኛ ከሴትዮዋ ስፓኒሽ ጋር እያጋጨ ማንነታቸውን አስረዳላቸው። ጎረቤት ያለች እንግሊዝኛ የምታውቅ ሴት መጥታ የቀረውን ተረጎመች።

ስኬቮስ ባርኔጣውን እጁ ላይ እያሽከረከረ፣ ቆሞ፣ ሁሉንም ነገራቸው። መቆሙን፣ ሦስቱን ትንፋሽ፣ ዞሮ ያየውን ውሃ። አንዲት አልደበቃቸውም። ሴትዮዋ እስኪጨርስ ሰሙት።

«ውሃው ቀዝቃዛ ነበር?» አሉ።

«አዎ፣ እማማ።»

«ብርድ አይወድም ነበር።» የሻሻቸውን ጫፍ አስተካከሉ። «ጠዋት ቁርስ በልቶ ነበር?»

ስኬቮስ አሰበ። እንደዚህ ብሎ የጠየቀው ሰው አልነበረም። «እንቁላል በልቷል። የዱቄት እንቁላል ነው፤ ሁላችን እንጠላዋለን። እሱ የኔንም ጨመረበት።»

ሴትዮዋ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ከዚያ ወደ ምድጃው ሄዱ። በቀይ በርበሬ የተቀቀለ የአሳማ ሥጋና ቂጣ አቀረቡ። ሚኬስ እንባው እስኪወርድ በላ፤ በርበሬው ነው ብሎ ማለ። ስኬቮስ ሁለት ጉርሻ በልቶ ተነሣ፤ ወደ መስኮቱ፣ ከመስኮቱ ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ መስኮቱ።

«ይኼ ሰው ምን ሆኗል?» አሉ ዶኛ ኡላሊያ።

«ቁጭ አይልም» አለ ሚኬስ። «ከድሮም እንዲሁ ነው። አሁን ብሷል።»

ሴትዮዋ ቁጭ በል አላሉትም። በጣታቸው ወደ ውጭ አሳዩት። «እንግዲያው ያ አጥር ወድቋል፤ ፍየሎቹ የጎረቤት በቆሎ ጨረሱብኝ። መዶሻው ከበሩ ኋላ ነው።»

ስኬቮስ መዶሻውን ይዞ ወጣ። አጥሩን ሲጨርስ የፍየሎቹ በረት ጣራ ቀዳዳ ሆኖ አገኘው። ጣራውን ሲጨርስ የጉድጓዱ መዘውር እንደተሰበረ ነገሩት። ሦስት ቀን ቆዩ። ሚኬስ ፀሐይ ላይ ግድግዳ ተደግፎ ከሴትዮዋ ጋር በሁለት ቋንቋ ያወራል፤ የሚግባቡትን ያህል ይግባባሉ፤ ለቀረው ይሳሳቃሉ። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት ስኬቮስ እግሩን ዘርግቶ መኪናው ጥላ ሥር እንቅልፍ ወስዶት ተገኘ። ሚኬስ ሊቀሰቅሰው ሲል ሴትዮዋ እጁን ያዙት።

ተለወጠ እንዳልላችሁ፣ አልተለወጠም። ሚኬስ ሲሞት በቀብሩ ላይ እንኳ ስኬቮስ ከኋላ ይመላለስ ነበር። ልጆቹ ሲወለዱ ከሆስፒታሉ ደጅ የነበረውን ሣር ረግጦ መንገድ አወጣበት። ቀንና ሌሊት መንዳቱን ቀጠለ፤ የፋብሪካ ስፖንጅ መጥቶ ገበያውን ሲወስድበት ደግሞ ብርቱካን ጭኖ ይነዳ ነበር። ነገር ግን በየዓመቱ፣ መከር ሳይገባ፣ መንገዱን ወደ ኒው ሜክሲኮ ያጥፍና ቤቱ ውስጥ የተሰበረውን ሲጠግን ይሰነብት ነበር። ዶኛ ኡላሊያ የመኪናውን ድምፅ ያውቁታል። ወገባቸው ጎብጦ፣ ዓይናቸው ደክሞ እንኳ፣ በር ላይ ወጥተው እጃቸውን ግንባራቸው ላይ ጋርደው ይጠብቁትና ገና ከመኪናው ሳይወርድ ይጮሁበታል፦

«መጣህ? ዘንድሮ ደግሞ ምን ልስበርልህ?»